የቆመው ረቂቅ



ጽሑፍ የሚሞክር ሰው መሳቢያውን ቢከፍት ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ያለቀ ሥራ ሳይሆን ጅምር ነው። የመጀመሪያው ገጽ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተጽፏል፤ ወደ መሐል ስርዝ ድልዙ ይበዛል፤ ከዚያ አንዲት ሴት በር ላይ እንደቆመች ታሪኩ ይቋረጣል። ትግባ ወይስ ትመለስ? ጸሐፊው ይህን መወሰን ሲከብደው አዲስ ሐሳብ ይመጣለታል። አዲስ ሐሳብ ደስ ይላል፤ እንከኑ ገና አልታየማ! አሮጌውን ጅምር መተው ስንፍና ነው ግን አልልም። አሮጌው ረቂቅ ቁርጥ ውሳኔ ይፈልጋል፤ የሚወዱትን አንቀጽ ጨክኖ መሰረዝም ይፈልጋል።

የጀመሩትን ከፍጻሜ ማድረስ ግን ይቻላል። ገጣሚውና ተርጓሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚሼልን ረጅም ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር። ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመው መጽሐፍ ያ ነው። እኔን የሚደንቀኝ ወረቀቱ ብቻ አይደለም። ከእስር ቤት በጥቂት በጥቂቱ የወጡትን ቁርጥራጮች ከተፈታ በኋላ መልሶ ሰብስቦ ለኅትመት ማብቃቱ ነው።

ዛሬም አዲስ ሐሳብ ብልጭ ቢልላችሁ አትግፉት። የደብተራችሁ መጨረሻ ገጽ ላይ በአንድ መስመር አስፍሩትና እዚያው ይቆይ። ከዚያ የቆመውን ረቂቅ አውጡና የመጨረሻውን ገጽ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ከዚያው ንባብ ይወለዳል፤ ባይመጣ እንኳ የቱ ጋ እንደሚያነክስ ጆሯችሁ ይነግራችኋል።