መኪናችን ማንን ነው የሚያውቀው?

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው የብርድ ወራት ከመረዳጃ ሣጥናችን ገንዘብ የወጣው ለሐዘንና ለሕመም ብቻ አልነበረም። ሁለት አባሎቻችን መኪናቸው ተሰርቆባቸው ሥራ መድረሻ አጥተው ሰንብተዋል። አንዷ በሌሊት ፈረቃ አረጋውያንን የምትንከባከብ ናት፤ ከቤቷ ወደዚያ በዚያ ሰዓት የሚሄድ አውቶቡስ የለም። እዚህ ዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም፣ ለብዙዎቻችን መኪና እንጀራችን ነው። ስለዚህ ኮሚቴው «የመኪና ቁልፍና የሌባ መከላከያ እንዴት እንደሚሠራ አጥንታችሁ ንገሩን» ሲለን ሦስታችንም እሺ አልን። ከመካከላችን አንዷ ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች፤ አንዷ ለዓመታት ታክሲ ነድታለች፤ አንዷ ደግሞ የአንድ ጋራዥ ሒሳብ ትይዛለች። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ብዙ ሰው «መኪናዬ አላርም አለው» ብሎ ተኝቶ ያድራል። አላርም ግን ይጮኻል እንጂ ማንንም አያስቆምም። በአፓርታማችን ፓርኪንግ አላርም ሲጮኽ ስንቶቻችን ነን ተነሥተን በመስኮት የምናየው? ከአላርሙ ሌላ፣ ቁልፉ ሲወጣ መሪውን የሚይዝ ብረት አለ። ይህ የቆየ ዘዴ ነው፤ ጉልበትና መሣሪያ ያለው ሰው ሊሰብረው ይችላል። ዋናው ጠባቂ ግን የማይታይና የማይሰማ ነው፤ ስሙ ኢሞቢላይዘር ይባላል፤ «አያንቀሳቅስም» እንደ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቁልፋችን ራስ፣ በፕላስቲኩ ውስጥ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ቺፕ ተቀብራለች። ባትሪ የላትም። ቁልፉ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ የሽቦ ጥቅል አለ። ቁልፉን ስናስገባና ስናዞር ጥቅሉ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል፤ ቺፗ ከዚያው ሞገድ ኃይል ወስዳ ትነቃና መልስ ትሰጣለች። የመኪናው ኮምፒውተር መልሱን ያመሳክራል። የሚያውቃት ከሆነ ሞተሩ ይነሣል። ካላወቃት እንደ መኪናው ዓይነት ሞተሪኖው አይዞርም፣ ወይም ቤንዚን አይገባም፣ ወይም ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። በዘመናዊዎቹ ላይ መኪናው የሚጠይቀው ጥያቄ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የትናንቱን መልስ ሰምቶ ቀድቶ የመጣ ሰው ዛሬ አይረባውም። የቤት ዘበኛ በየምሽቱ አዲስ የይለፍ ቃል ቢያወጣ እንደ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ የረቀቀ አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ በ1986 ኮርቬት ላይ ያወጣው ቁልፍ የኤሌክትሪክ መጠን የምትለካ ትንሽ ጠጠር መሳይ ነገር ነበረችው፤ የጠጠሮቹ ዓይነት በጠቅላላው 15 ብቻ ነበር። ታጋሽ ሌባ 15ቱንም ይዞ ቢመጣ አንዱ ይገጥምለታል። እንዲያም ሆኖ ካለመኖሩ ይሻል ነበር።

ቁልፍ ሠሪ ሱቅ በጥቂት ብር ያስቀረጽነው ቁልፍ በሩን ከፍቶ ሞተሩን የማያስነሣው፣ ዲለሩም ለአንድ ቁልፍ ብዙ ብር የሚጠይቀው በዚች ቺፕ ምክንያት ነው። የምንከፍለው ለብረቱ ሳይሆን ቺፗን ከመኪናው ጋር ለማስተዋወቅ ነው።

ታዲያ ይህ ጠባቂ በሁሉም መኪና ውስጥ አለ? የለም። በአውሮፓ ኅብረት ከ1998 ጀምሮ፣ በካናዳም ከ2007 ጀምሮ አዲስ መኪና ያለ ኢሞቢላይዘር እንዳይሸጥ ሕጉ ያስገድዳል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን ይህን አላስገደደም፤ ቁልፉ ሲወጣ ሞተሩ እንዳይነሣ ብቻ ይጠይቃል፣ ይህም በተራ የብረት ቁልፍ ይሟላል። ስለዚህ ለፋብሪካው ፈቃድ ተተወ። በ2015 ሞዴሎች ላይ የተደረገ የኢንሹራንስ ጥናት እንዳሳየው፣ ሌሎች ፋብሪካዎች ከሸጧቸው ዓይነቶች 96 በመቶው ኢሞቢላይዘር ሲኖራቸው፣ ከሁንዳይና ከኪያ ግን 26 በመቶው ብቻ ነበሩ። ልጆች ይህን ጉድለት በቲክቶክ እየተቀባበሉ ካሳዩ በኋላ፣ በተለይ ከ2022 ጀምሮ፣ በየከተማው የደረሰውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የተጎዱት በአብዛኛው ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ ኪያዎችና ከ2015 እስከ 2021 የተሠሩ ሁንዳዮች ናቸው፤ በቁልፍ የሚዞሩት እንጂ በቁልፍ ፈንታ ቁልፊት ተጭነን የምናስነሣቸው አይደሉም። ርካሽ የነበሩትም እነዚሁ ናቸው። እኛ እንደምናየው ነገሩ ፍትሕ የጎደለው ነው፤ በአንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት ከወጡ መኪናዎች ውስጥ ገንዘብ ያላት ጠባቂ ያለውን ገዛች፣ ቆጥባ የገዛችው ጠባቂ የሌለውን ወሰደች።

በየካቲት 2023 ሁለቱ ኩባንያዎች ወደ 8.3 ሚሊዮን ለሚሆኑ መኪናዎች ነፃ የሶፍትዌር ማሻሻያ አወጡ። በዲለር ይሠራል፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ፦ ማሻሻያው ቺፕ አይጨምርም። መኪናው በሪሞት ሲቆለፍ ብቻ «አልነሣም» እንዲል ያስተምረዋል። በውስጥ በኩል ያለውን መቆለፊያ ተጭናችሁ በሩን ዘግታችሁ ከሄዳችሁ ጠባቂው አልነቃም ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በሪሞቱ ቆልፉ። ማሻሻያ ለማይገባላቸው፣ ለማንኛችንም ቢሆን፣ መሪ ላይ የሚታሠረው የብረት መቆለፊያ ጥሩ ነው፤ በመስኮት ሲታይ ሌባው ሌላ ይፈልጋል። በየአካባቢው ያሉ አንዳንድ የፖሊስ ጣቢያዎች በነፃ ሲሰጡ ቆይተዋል፤ ደውሎ መጠየቅ ነው። የእናንተ መኪና ኢሞቢላይዘር እንዳለው ለማወቅ ደግሞ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ እዩ፣ ወይም 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ዲለር ጠይቁ።

አሁን ወደ ሁለቱ አባሎቻችን እንመለስ። የአንዷ መኪና ኢሞቢላይዘር ነበረው። የተወሰደባት ግን ምግብ ለማድረስ ሞተሩን ሳታጠፋ ሁለት ደቂቃ ወርዳ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ይህ ነው፦ ኢሞቢላይዘር «ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ነው። ከተነሣ በኋላ ቁልፉ ቢርቅ እንኳ መኪናው በመንገድ መካከል ድንገት አይጠፋም፤ ቢጠፋ አደጋ ያመጣልና። ቁልፊት የሚጫኑት መኪናዎች ቁልፉ ሲርቅ ጢጥ ጢጥ ብለው ያስጠነቅቃሉ፣ ግን መሄዳቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ጠዋት ለማሞቅ አስነሥቶ ወደ ቤት መግባት፣ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ለማውጣት ሞተሩን ትቶ መውረድ፣ ያን ሁሉ ጥበብ በገዛ እጃችን ማንሣት ነው። በኋላ ወንበር ሕፃን ካለማ አንናገረውም። ከርቀት በሪሞት የሚነሡት የተለዩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ቁልፉ ሳይኖር ለመንዳት ሲሞከር ይጠፋሉ።

ቁልፊት የሚጫኑት መኪናዎች የራሳቸው ደካማ ጎን አላቸው። መኪናው ቁልፉ ቅርብ መሆኑን የሚያውቀው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ሌቦች ሁለት ሆነው መጥተው፣ አንዱ በቤታችን በር አጠገብ፣ ሌላው መኪናው ዘንድ ቆመው፣ ሞገዱን በመሣሪያ እየተቀባበሉ መኪናውን ያሞኙታል። ቁልፉ በራፍ ላይ ባለው ጠረጴዛ ከተቀመጠ ሥራቸው ይቀላል። ሞገድ የማያሳልፍ ከረጢት በትንሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ከገዛችሁ በኋላ ቁልፉን ከትታችሁ መኪናው አጠገብ ቁሙና በሩን ሞክሩ፤ ከተከፈተ ከረጢቱ አይረባም። ሁለተኛውንም ቁልፍ መክተት አትርሱ።

ስለ ሁለተኛው ቁልፍ ካነሣን፣ በጓዳ ሲነገር የምንሰማውን እዚህ በግልጽ እናንሣው። መኪናው የሚያውቀው እናንተን ሳይሆን በማኅደሩ የተመዘገቡትን ቺፖች ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ የቀድሞው ባለቤት የጠፋ ቁልፍ ቢኖረው፣ ያ ቁልፍ እስኪሰረዝ ድረስ ይሠራል። ከባለቤቷ የተለያየች እኅትም «ቁልፉን መልስልኝ» እያለች መለመን፣ በዚያም ምክንያት መገናኘት የለባትም። ዲለር ወይም ፈቃድ ያለው የመኪና ቁልፍ ሠሪ የድሮዎቹን ሰርዞ በእጇ ያሉትን ብቻ ያስመዘግብላታል። ታይትሉና መታወቂያው በስሟ መሆን አለባቸው፤ ያሏትን ቁልፎች ሁሉ ይዛ ትሂድ። የተሰረዘው ቁልፍ ሞተር ባያስነሣም የበሩን ብረት ሊከፍት ስለሚችል፣ የሚያሰጋ ነገር ካለ የበሩንም መቆለፊያ ማስለወጥ ይቻላል።

ከቁልፉ ይልቅ የሚረሳው ደግሞ የስልኩ አፕ ነው። በብዙ አዳዲስ መኪናዎች አፑ መኪናው የት እንደቆመ ያሳያል፣ በር ይከፍታል፣ ሞተርም ያስነሣል። አካውንቱ በሌላ ሰው ስልክና ኢሜይል ከተከፈተ፣ ቁልፍ ብትለውጡም ያ ሰው የት እንደምትውሉ ያያል። ያንን አካውንት ከመኪናው ማስወጣትና በራስ ስም አዲስ መክፈት ያስፈልጋል። ፍርሃት ያለባት እኅት ግን ይህን ከማድረጓ በፊት በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ከሚሠሩ አማካሪዎች ጋር ትነጋገር፤ ድንገት መዝጋቱ ሰውየውን ሊያስቆጣ ይችላል።

ስለ ኢንሹራንስ ባጭሩ፦ «ላያቢሊቲ» ብቻ ያላት ሰው መኪናዋ ቢሰረቅ ምንም አይከፈላትም። ስርቆትን የሚሸፍነው «ኮምፕሪሄንሲቭ» የሚባለው ነው። ከውስጥ የጠፋ ቦርሳና ላፕቶፕ ግን በእሱም አይሸፈንም። መኪናው ውስጥ መከታተያ ደብቃችሁ ቦታውን ብታዩት እንኳ ራሳችሁ አትሂዱ፤ ለፖሊስ ደውላችሁ ቦታውን ስጡ።

ከቡና በኋላ እዚሁ አዳራሽ እንቆያለን። የመኪናችሁን መጽሐፍ የያዛችሁ አምጡና አብረን እናያለን፤ የእንግሊዝኛው ፊደል የሚደቅባችሁ እናቶች የሻንሲ ቁጥሩን ስጡንና ለዲለሩ እኛ እንደውላለን። ስለ ቁልፍ መሰረዝ ብቻዋን ልታነጋግረን የምትፈልግ ካለች፣ ከጓዳው በኩል ያለው ትንሹ ክፍል ክፍት ነው።