ልብ ወደ ምቱ ቢመለስም

(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)




በበዓል ቀን ስለ በሽታ ማውራት የተለመደ አለመሆኑን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ማኅበር የሚቋቋመው ለደስታም ለችግርም ነውና፣ ብዙዎቻችን ደብቀን የያዝነውን ሕመም በአደባባይ ማንሳቱ ከበዓሉ ጋር አይጣላም ብለን አምነናል።

ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ከፊሎቻችን በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከፊሎቻችን በአሌክሳንድሪያ የምንኖር፣ ልባችን ምቱን እየሳተ የሚያስቸግረን ጥቂት አባላት ነን። ከእኛ ውስጥ ታክሲ የሚነዱ፣ በፓርኪንግ የሚሠሩ፣ አረጋውያንን የሚንከባከቡ፣ ጡረታ የወጡም አሉ። አንደኛው አባላችን ሕመሙ ለሦስተኛ ጊዜ ስለተመለሰበት፣ ሐኪሙ ካርዲዮቨርዥን የተባለውን፣ የልብን ምት በኤሌክትሪክ የማስተካከል ሕክምና እንዲወስድ ሐሳብ አቅርቦለታል። «ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ቢጠይቀን፣ ለአንድ ሰው ከመመለስ ለሁላችንም የሚጠቅመውን ብንናገር ይሻላል አልን። እኛ ሕመምተኞች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። የምንናገረውም ለሐኪም የሚቀርብ ጥያቄ እንዲሆናችሁ እንጂ ሐኪምን እንዲተካ አይደለም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ ሲያሳጥሩት ኤ-ፊብ ይሉታል። ጤነኛ ልብ ውስጥ ከላይኛው ክፍል የሚነሳ አንድ የኤሌክትሪክ ምልክት አራቱንም ክፍሎች በተራ በተራ ያንቀሳቅሳል። በኤ-ፊብ ጊዜ ግን የላይኞቹ ሁለት ክፍሎች በትክክል መጨበጣቸውን ትተው ይርገፈገፋሉ። የታችኞቹም አንዴ ፈጥነው አንዴ ዘግይተው ያለ ሥርዓት ይመታሉ። አንዳንዱ ሰው ደረቱ ውስጥ ወፍ የምትራወጥ ይመስለዋል። ሌላው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይደክመዋል፣ ያዞረዋል። ምንም የማይሰማውም አለ።

ትልቁ አደጋ የልቡ መራወጥ ብቻ አይደለም። የላይኛው ክፍል በደንብ ስለማይጨብጥ ደም እዚያው ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል፤ የረጋው ቁራጭ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። ኤ-ፊብ ያለበት ሰው በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ በጥናት ታውቋል። ደም ማቅጠኛ የሚታዘዝልን ለዚህ ነው።

የፕሬዚዳንቱ ልብ

ይህ ሕመም ሰው አይመርጥም። ሜይ 4 ቀን 1991፣ በአገራችን መንግሥት ሊለወጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብሊው. ቡሽ በሜሪላንድ በሚገኘው በካምፕ ዴቪድ ሲሮጡ ትንፋሽ አጠራቸው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቀው በቤተስዳ የባሕር ኃይል ሆስፒታል ሲመረመሩ ኤ-ፊብ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ በመድኃኒት ካልተስተካከለ ግን ኤሌክትሪኩ እንዲሞከር ታሰበ። ለዚያ ሕክምና በማደንዘዣ ስለሚተኙ፣ ሥልጣናቸውን ለጊዜው ለምክትላቸው ለዳን ኩዌል ለማስተላለፍ ዝግጅት ተደረገ። ሆኖም ሜይ 6 ጧት ልባቸው ወደ ትክክለኛ ምቱ በመመለሱ ኤሌክትሪኩ ሳያስፈልግ ቀረ። በጥቂት ቀናት ውስጥም የችግሩ ምንጭ ታወቀ፤ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ይሠራ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ አዲስ የጀመረ ኤ-ፊብ ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል። በ2019 በወጣ የኔዘርላንድ ጥናት፣ ሕመሙ ገና በጀመራቸው ሰዎች ላይ ሐኪሞቹ ምቱን በመድኃኒት እያዘገዩ ቢጠብቁ፣ ከመቶ 69ኙ በ48 ሰዓት ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ ተስተካክለዋል። ሁለተኛ፣ ምቱን ከማስተካከል ጋር ምንጩን መፈለግ ያስፈልጋል። ታይሮይድ፣ የደም ግፊት፣ የልብ በሮች ጉዳት፣ የሰውነት ውፍረት፣ ሲያንኮራፉ ትንፋሽ መቋረጥ፣ መጠጥ፣ ሁሉም ሊያመጡት ይችላሉ። ሦስተኛ፣ ፕሬዚዳንት እንኳ ማደንዘዣ ከመውሰዱ በፊት የሚተካውን ሰው ያዘጋጃል። እኛም መኪናውን ማን እንደሚነዳ፣ ቤት ማን እንደሚጠብቀን አስቀድመን ማወቅ አለብን።

የኤሌክትሪኩ ሕክምና

ካርዲዮቨርዥን የሚለው ስም ያስፈራል እንጂ አሠራሩ አጭር ነው። በዛሬው መልኩ ያስተዋወቁት በቦስተን የነበሩት የልብ ሐኪም በርናርድ ላውን በ1962 ነው። የእርሳቸው ሥራ ትልቁ ነገር ንዝረቱ ከልብ ምት ጋር ተገጣጥሞ፣ አደገኛ ያልሆነችውን ቅጽበት ጠብቆ እንዲለቀቅ ማድረጉ ነበር።

ሕመምተኛው ሳይበላ ይመጣል። ደረቱና ጀርባው ላይ ተለጣፊ ነገር ይደረግለታል። በደም ሥሩ አጭር ማደንዘዣ ይሰጠውና ይተኛል። ንዝረቱ በሴኮንድ ያልቃል። ሲነቃ ቆዳው ትንሽ ቢያቃጥለው እንጂ ንዝረቱን አያስታውሰውም። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ነገር ግን መኪና መንዳት አይፈቀድለትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ከንዝረቱ በፊትና በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ኤ-ፊቡ 48 ሰዓት ካለፈው ወይም መቼ እንደጀመረ ካልታወቀ፣ ቢያንስ 3 ሳምንት አንድም ቀን ሳይዘለል ደም ማቅጠኛ መውሰድ ያስፈልጋል። ያ ካልሆነ ሐኪሙ በጉሮሮ በሚገባ መሣሪያ ልብ ውስጥ የረጋ ደም አለመኖሩን ማየት አለበት። ምክንያቱም ልብ ድንገት በኃይል መጨበጥ ሲጀምር፣ ተኝቶ የነበረውን የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊወረውረው ይችላል። ስለዚህ «ክኒን ዘልለሃል ወይ?» ሲባል እውነቱን መናገር ነው። ቀጠሮው ይራዘም ይሆናል እንጂ የሚቆጣን የለም።

ከንዝረቱም በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት መቀጠል ግዴታ ነው። ምቱ ቢስተካከልም የላይኛው ክፍል ለጥቂት ሳምንታት እንደ ደነዘዘ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ማቋረጥ ወይም መቀጠል የሚወሰነው ልባችን ደህና በመምታቱ ሳይሆን በዕድሜያችን፣ በደም ግፊት፣ በስኳር፣ በልብ ድካምና ቀድሞ በደረሰ ስትሮክ ነው። በወገኖቻችን መካከል ደጋግመን የምንሰማው «አሁን ድኛለሁ፣ ክኒን ምን ያደርግልኛል» የሚለው አነጋገር አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው። በ2002 የወጣው፣ 4,060 ሰዎችን ያካተተው የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ምቱን ለማስተካከል በተሞከረላቸውም፣ ፍጥነቱ ብቻ እንዲቀንስ በተደረገላቸውም ወገን፣ ስትሮክ ከደረሰባቸው አብዛኞቹ ደም ማቅጠኛውን ያቆሙ ወይም መጠኑ ያነሰባቸው ነበሩ።

ታዲያ ልቀበል ወይስ ልተው?

ያ ጥናት ምቱን መመለስና ፍጥነቱን ብቻ መቆጣጠር ዕድሜ በማራዘም ረገድ ልዩነት እንደሌላቸው ስላሳየ፣ ብዙ ሐኪሞች ለዓመታት አይቸኩሉም ነበር። በ2020 በአውሮፓ የወጣው ሌላ ጥናት ግን ሕመሙ ከታወቀ አንድ ዓመት ሳይሞላው ምቱን ለመጠበቅ መጣር፣ ከልብ ጋር የተያያዘ ሞትንና ስትሮክን አንድ ላይ እንደሚቀንስ አመለከተ። ስለዚህ ሕመሙ አዲስ ከሆነ ወይም ትንፋሽና ጉልበት እየነሳ ከሆነ መሞከሩ ይደገፋል። ንዝረቱ ግን ምቱን ይመልሳል እንጂ ሥሩን አይነቅልም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ሲመለስም ንዝረቱን መድገም፣ ምት የሚጠብቅ መድኃኒት ወይም አብሌሽን የሚባለው ሌላ ሕክምና አለ።

ጠያቂው አባላችን ሐኪሙን አራት ነገር ጠይቋል፤ የሕመሜ ምንጭ ምንድን ነው? ደም ማቅጠኛው በበቂ ሁኔታ ተወስዷል? ቢመለስስ ቀጥሎ ምን አለ? ባልሞክረው ምን አጣለሁ? መልሱን ሰምቶ፣ ሦስቱን ሳምንት ክኒን ሳይዘልል ጨርሶ ሕክምናውን ለመውሰድ ወስኗል። ሌላው በሌላ ምክንያት ላለመውሰድ ቢወስን እርሱም ትክክል ሊሆን ይችላል።

ስለ እኛው ጉዳይ

በአገራችን በልጅነት የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የልብን በር እንደሚያበላሽ ብዙዎቻችን እናውቃለን። በልጅነታችሁ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጉ ከነበረ፣ ለሐኪማችሁ ሳትጠየቁ ንገሩ። አሜሪካዊ ሐኪም እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነውና ላያስበው ይችላል። በ2022 ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የተሰበሰበ ጥናት፣ እንዲህ ያለ የበር ጉዳትና ኤ-ፊብ ላለባቸው ሰዎች አሮጌው ዋርፋሪን ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ «ጎረቤቴ አዲሱን ክኒን ይወስዳል፣ ለእኔም ይቀየርልኝ» ከማለት በፊት መጠየቅ ይገባል።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን መተው የለበትም፤ መጠኑን ግን ማለዋወጥ የለበትም። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳልና፣ በፍስክ ጨርሶ ሳይቀምሱ ቆይቶ በዐቢይ ጾም በየቀኑ መብላት የደሙን ልክ ያዛባል። ጾም ሲገባና ሲወጣ የደም ምርመራውን ማስቀደም ይበጃል። አፒክሳባን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሪቫሮክሳባን ደግሞ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ስለሆነ፣ የጾምም የረመዳንም ሰዓት ከሐኪም ጋር መመካከርን ይጠይቃል። ከአገር ቤት የሚላክልንን ባህላዊ መድኃኒትም፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌንንም ሳያማክሩ መውሰድ ደም ሊያፈስ ይችላል። ለጉብኝት አዲስ አበባ ስንሄድ የሚበቃንን ክኒን በእጅ ሻንጣ እንያዝ።

ጠጅ፣ አረቄና ውስኪ ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ። በ2020 በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ መጠጥ ከተዉት መካከል ሕመሙ የተመለሰባቸው ከመቶ 53 ሲሆኑ ካልተዉት 73 ነበሩ። ጫትም የልብን ምት የሚያፋጥን ነው። ስለ ቡና ግን የምሥራች አለን። በ2025 የወጣ ጥናት ካርዲዮቨርዥን የሚያደርጉ 200 ቡና ጠጪዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ በቀን ቢያንስ አንድ ስኒ እንዲጠጡ፣ ግማሾቹ እንዲተዉ አደረገ። በስድስት ወር ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው ከጠጪዎቹ ከመቶ 47፣ ከተዉት ከመቶ 64 ሆኑ። ሐኪሙ ካልከለከለ ሕመምተኛው ከጀበናው ዙሪያ አይነሳ!

ከማኅበሩ የምንጠይቀው

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለሕክምና ቀን አጃቢ የሚሆኑ ፈቃደኛ አባላት ዝርዝር፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ለየብቻው ይዘጋጅ። በቀብር ጊዜ በአንድ ስልክ መቶ ሰው የሚሰበሰብልን ሆነን፣ በሕይወት ሳለን ከሆስፒታል የሚያደርሰን አንድ ሰው ማጣት የለብንም። ሁለተኛ፣ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ እንዳለባቸው ለአረጋውያን ይነገር። ልጆቻችን የወላጆቻቸውን ልብ ጉዳይ በተሰባበረ አማርኛ እንዲያስተረጉሙ አናስጨንቃቸው። ሦስተኛ፣ በየስብሰባችን የደም ግፊትና የልብ ምት የሚለካበት ጊዜ ይመደብ። በአባሎቻችን መካከል ነርሶችና ሐኪሞች ስላሉ ወጪ የለበትም።

ከሁሉም በላይ፦ የሰው ፊት ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ «ይለፍለት» ብሎ መጠበቅ፣ ጠበል መርጨት፣ በራስ መኪና መውሰድ አይደለም፤ ወዲያው 911 መደወል ነው። ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከወደቀም እንዲሁ።

የሁለተኛውን 10 ዓመት በዓል ሁላችንም በጤና ተሰብስበን እንድናከብር እንመኛለን። ረዥም ዕድሜ ለማኅበራችን!