የጠበኛነት ሚዛን
የወጣቶችን ጠበኛ ጠባይ ስለ መለካት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



መሐንዲስ አንድን ነገር ለካሁ ከማለቱ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። አንደኛው መሣሪያው ደጋግሞ ሲለካ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል ወይ? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ መሣሪያው የሚለካው በእርግጥ የተፈለገውን ነገር ነው ወይ? የሚል ነው። የብረት ርዝመት ወይም የውሃ ግፊት ሲለካ ሁለተኛው ጥያቄ እምብዛም አያስቸግርም። የሚለካው የሰው ጠባይ ሲሆን ግን ዋናው ችግር የሚነሣው ከዚሁ ነው። ስለ ወጣቶች ጠበኛነት የሚነገረው ቁጥር ከጥናት ክፍል ወጥቶ እስከ ፍርድ ቤትና እስከ ሕግ አውጭ ምክር ቤት ድረስ ስለሚደርስ፣ ጉዳዩ ለሥነ ልቡና ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሚለካውን ነገር መወሰን ያስፈልጋል። ሊቃውንቱ በአብዛኛው የሚስማሙበት ትርጉም፣ ጠበኛነት ጉዳቱን ለማምለጥ የሚፈልግን ሌላ ሰው ሆን ብሎ ለመጉዳት የሚደረግ ተግባር ነው የሚል ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ተግባሩ በዓይን ይታያል፤ «ሆን ብሎ» የሚለው አሳብ ግን አይታይም። የመለኪያው ፈተና የማይታየውን በሚታየው አማካይነት መስፈር ነው።

ከመለኪያዎቹ አንዱ መጠይቅ ነው። አርኖልድ ባስ ከአን ዱርኪ ጋር በ1957፣ ከማርክ ፔሪ ጋር ደግሞ በ1992 ያወጣቸው መጠይቆች በብዙ አገር ታውቀዋል። የኋለኛው በ1,253 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ ሲሆን 29 ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ተጠያቂው እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ምን ያህል እርሱን እንደሚገልጸው ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ይመልሳል። ዐረፍተ ነገሮቹ በአራት ይከፈላሉ፤ ዘጠኙ በአካል ስለ መማታት፣ አምስቱ በቃል ስለ መጋጨት፣ ሰባቱ ስለ ቁጣ፣ ስምንቱ ስለ ቂምና ጥርጣሬ ናቸው።

ይህ አከፋፈል ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ቋንቋችን ተደባዳቢውን፣ ነገረኛውን፣ ቁጡውንና ቂመኛውን ለየብቻ ሲጠራቸው ኖሯል። ቁጡ የሆነ ሰው ሁሉ እጁን አያነሣም፤ ቂመኛውም ብዙ ጊዜ የሆዱን በሆዱ ይዞ ዝም ይላል። አራቱን ደምሮ አንድ ቁጥር ማውጣት ግን ክንድን ከነጥር ጋር እንደ መደመር ሊሆን ይችላል። ድምራቸው እኩል 70 የሆነ ሁለት ወጣቶች ቢኖሩ፣ አንደኛው በየመንገዱ የሚደባደብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ማንንም ነክቶ የማያውቅ፣ ነገር ግን ዓለም ሁሉ የበደለው የሚመስለው ሊሆን ይችላል። በ1992ቱ ጥናት ራሱ ወንዶች ከሴቶች እጅግ በልጠው የተገኙት በአካል በመማታቱ ክፍል ሲሆን፣ በቁጣ ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ድምሩ ብቻ ቢቀርብ ኖሮ ይህ ቁም ነገር ተሰውሮ ይቀር ነበር።

መጠይቁ ለመጀመሪያው ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው። ተማሪዎቹ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ እንደገና ሲጠየቁ፣ የሁለቱ ጊዜ አጠቃላይ ውጤቶች ተዛምዶ 0.80 ሆኗል። ይህ ለቡድን ጥናት የሚያስመሰግን ነው። ለአንድ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነገር ያሳያል። በዚህ ተዛምዶ መሠረት በአንዱ ሰው ውጤት ላይ የሚጠበቀው መደበኛ ስሕተት፣ የመላው ቡድን ውጤት ከአማካዩ የሚራራቅበትን መደበኛ ስፋት ግማሽ ያህል ይጠጋል። እንዲህ ባለ ሚዛን ሁለት ቡድኖችን ማነጻጸር ይቻላል፤ አንድን ወጣት ግን «አደገኛ ነው» ብሎ ከትምህርት ወይም ከሥራ ማገድ አይገባም። ከዚህም ሌላ ተጠያቂው ከአንገት በላይ ሊመልስ ይችላል። ጨዋነት በሚከበርበት ቤት ያደገ ወጣት ደግሞ ቁጣውን ለማመን ያፍራል፤ ውጤቱም ከጠባዩ ይልቅ አስተዳደጉን ያሳያል።

ቃል አይታመንም ያሉ ሊቃውንት ወደ መሣሪያ ዞሩ። ባስ በ1961 ባቀረበው ዘዴ ተሳታፊው «መምህር» ይሆንና «ተማሪው» ሲሳሳት ከአሥር ቁልፎች አንዱን ተጭኖ በኤሌክትሪክ ንዝረት ይቀጣዋል። «ተማሪው» ግን የአጥኚው ተባባሪ ስለሆነ ንዝረቱ በእርግጥ አይደርስበትም። ስቱዋርት ቴይለር ደግሞ በ1967 ሁለት ሰዎች ፈጥኖ ቁልፍ በመጫን የሚወዳደሩ የሚያስመስል ዘዴ አወጣ። የተሸነፈው ተፎካካሪው የመረጠለትን ቅጣት ይቀበላል፤ ተፎካካሪው ግን የለም፤ ማሸነፉና መሸነፉም አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ከጊዜ በኋላ በንዝረቱ ፋንታ ጩኸት ገባ፤ በብዙ ጥናቶችም ልኩ ከ60 እስከ 105 ዴሲቤል ሆነ። በ1999 ጆኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ተሳታፊው የሚያቃጥል ነገር ለማይወድ ሰው የሚያቀርበው የቃሪያ ስጎ በግራም ተመዘነ።

ግራምና ዴሲቤል የመሐንዲስ ዓይን ይስባሉ። ነገር ግን ሚዛኑ በትክክል የመዘነው ስጎውን እንጂ ክፋትን አይደለም። የባስን ቁልፍ አጥብቆ የተጫነው ሰው ተማሪው ቶሎ እንዲማር አስቦ ሊሆን ይችላል። በጩኸቱ ውድድር ያለው ደግሞ ለማሸነፍ ብቻ ይሆናል የሚጥረው። በአንዳንዶቹ አሠራሮችም «ምንም አልልክም» ለሚል ሰው ቁልፍ አልተዘጋጀለትም። ስጎውም ቢሆን ሚጥሚጣ በየማዕዱ በሚቀርብበት አገር ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

ከሁሉ የሚከፋው የስሌቱ ጉዳይ ነው። አንዱ አጥኚ የጩኸቱን ከፍታ አማካይ ይወስዳል፤ ሌላው ጩኸቱ የቆየበትን ጊዜ ይቆጥራል፤ ሦስተኛው ሁለቱን ያባዛል፤ አራተኛው የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ይመለከታል። ጀርመናዊው ማልተ ኤልሰን ይህን ዘዴ የተጠቀሙ ከ100 የሚበልጡ ጽሑፎችን ሰብስቦ ቢመረምር ከ150 በላይ የተለያዩ ስሌቶች አገኘ። ኤልሰንና ባልደረቦቹ በ2014 እንዳሳዩት፣ በአንድ መረጃ ላይ ስሌቱን በመለወጥ ብቻ ድምዳሜው ይለወጣል። በእያንዳንዱ ቀያሽ እጅ ርዝመቱ የሚለያይ ሜትር ቢኖር ድልድይ የሚሠራበት አይገኝም።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2005 ዓመፅ የበዛባቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሸጡና እንዳይከራዩ የሚከለክል ሕግ አወጣች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 በሰባት ድምፅ ለሁለት ሕጉን ሻረው። ዋናው ምክንያት የመናገር ነጻነት ቢሆንም፣ የቀረቡት ጥናቶች ጨዋታው ወጣቶችን ጠበኛ እንደሚያደርግ እንዳላረጋገጡ ፍርድ ቤቱ ገልጿል። ተገኘ የተባለውም ውጤት ትንሽ መሆኑን ሲያመለክት፣ ከጨዋታው በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ያለ ጩኸት ማሰማትን በምሳሌነት ጠቅሷል። ያ በጥናት ክፍል የተጫኑት ቁልፍ እስከ ታላቁ ችሎት ደርሶ ክብደቱ ተመዘነ፤ ቀሎም ተገኘ።

እንግዲህ ከመሐንዲሱ ልማድ ለዚህ ሥራ የሚበጁ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ስሌቱ መረጃው ከመሰብሰቡ በፊት ይወሰን፤ ተጽፎም ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የተለያዩ ነገሮች ለየብቻ ይለኩ፤ ለየብቻም ይገለጹ። ሦስተኛ፣ አንድ መሣሪያ በሌላ ይመሳከር፤ የወጣቱ ቃል ከሚያውቁት ሰዎች ምስክርነትና በእርግጥ ከፈጸመው ተግባር ጋር ይነጻጸር። አራተኛ፣ በአንድ አገር ተማሪዎች የተስተካከለ ሚዛን ወደ ሌላ አገርና ቋንቋ ሲሻገር ቃሉን መተርጎም ብቻ አይበቃም፤ በአዲሱ አገር ሰዎች ላይ እንደገና ይስተካከል።

በቁጥር የተገለጸ ነገር ሁሉ እንደ ተለካ ይቈጠራል፤ የቁጥር ግርማው ይህ ነው። ዘንግ ተሳስቶ ቢለካ ተቈርጦ ይጣላል፤ ሌላም ይተካል። ወጣት ተሳስቶ ሲለካ ግን ስሙ ይበላሻል፤ የተሰጠውም ስም አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ቁጥር የሚሰጥ ሁሉ የመሣሪያውን ስሕተት ከቁጥሩ ጎን እንዲጽፍ ሙያው ግድ ይለዋል።