የልጆችን የትምህርት ቤት ልብስ እድፍ ስለ ማስለቀቅ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር፤ በዕለቱ ላልተገኙ አባላት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳ የወጣ)

ክቡራንና ክቡራት የመንደራችን ነዋሪዎች፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፤

ስለ ወርኃዊ መዋጮና ስለ ፍሳሽ ቦዩ ከተነጋገርን በኋላ ስለ ልብስ አጠባ ጥቂት ቃል እንድናገር ኮሚቴው አዞኛል። «ጸሐፊው የሒሳብ መዝገቡን ትቶ ልብስ ማጠብ ሊያስተምረን ነው እንዴ?» የምትሉ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ነገሩ ግን የሳቅ አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ ልንገራችሁ።

ባለፈው ወር አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሦስት ቀን ሙሉ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተቀምጦ ሲውል ተገኘ። ጠዋት ደብተሩን ይዞ ይወጣል፤ ማታ ሹራቡን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከጓደኞቹ ጋር ይመለሳል። ምን ሆነህ ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ በነጭ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ እስክሪብቶ ፈሶበት ኖሯል። «ቤት ካዩብኝ እገረፋለሁ፣ ክፍል ካዩብኝ ይስቁብኛል» አለ።

ያ ልጅ የኔ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት በወጥ ነጠብጣብ ምክንያት የመታሁትም እኔው ነኝ። ይህን በጉባኤ መካከል መናገር አያኮራም፤ ነገር ግን ሦስት ቀን ትምህርት የቀረው በቀለም ሳይሆን በኔ ፍርሃት መሆኑን ስላየሁ መደበቁን አልወደድሁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ የትምህርት ቤት ልብሱን አብረን ነው የምናጥበው። ዛሬ የምነግራችሁንም ከሠፈራችን የልብስ አጠባ ባለሙያ እናቶች፣ ከመድኃኒት ቤትና ከጤና ጣቢያ ሠራተኞች ጠይቄ፣ እኔም በሳፋዬ ሞክሬ ያገኘሁት ነው።

በከተማችን በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስና ደብተር በነጻ ማደል መጀመሩ ይታወቃል። በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ደግሞ ከኪሱ ይገዛል። በነጻም ይምጣ በገንዘብ፣ ልብሱ ከሰኞ እስከ ዓርብ እየተለበሰ ዓመቱን መዝለቅ አለበት። በመሆኑም መጠበቁ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ለማንኛውም እድፍ የሚሠሩ አምስት ደንቦችን ልዘርዝር።

1ኛ/ ሳይደርቅ መድረስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ትናንት የነካው ዛሬ ይለቃል፤ ወር የቆየው ግን ያደክማል። ከጭቃ በቀር ሁሉም እንደዚሁ ነው።

2ኛ/ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ብዙዎቻችን እድፍ ስናይ ውሃ እናፈላለን። ደም፣ ወተትና እንቁላል ፍል ውሃ ሲነካቸው እንደ ተቀቀለ እንቁላል ረግተው ክሩ ውስጥ ይጣበቃሉ። ከዚያ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

3ኛ/ በኃይል አለመፈተግ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እድፉን ከዳር ወደ መሐል እየተጫኑ በንጹሕ ጨርቅ ማንሣት እንጂ፣ ከመሐል ወደ ዳር መፈተግ ትንሹን ትልቅ ያደርገዋል።

4ኛ/ አዲስ ነገር ከመሞከር በፊት በልብሱ የውስጥ እጥፋት ላይ ጥቂት ጠብ አድርጎ ማየት። ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ እዚያው ይታወቃል።

5ኛ/ እድፉ መልቀቁ ሳይረጋገጥ ካውያ አለማስነካት። የካውያ ሙቀት የቀረውን እድፍ ያትመዋል።

አሁን በየዓይነቱ እንሂድ።

የእስክሪብቶ ቀለም፤ የተለመደው እስክሪብቶ ቀለሙ ቅባት ያለበት ስለሆነ ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም። የሚያስለቅቀው አልኮል ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የቁስል መጥረጊያ አልኮል ይበቃል፤ እሱ ከሌለ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የለመድነው የእጅ ሳኒታይዘርም አልኮል ስላለበት ይሠራል። ከሸሚዙ ሥር የማይፈለግ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ በጥጥ አልኮል ነክራችሁ ከላይ ጫን ጫን አድርጉ። ቀለሙ ወደ ታችኛው ጨርቅ ይወርዳል። ጨርቁን እያዟዟራችሁ ቀለም መስጠት እስኪያቆም ቀጥሉ፤ ከዚያ በሳሙና እጠቡት። የልጄ ሸሚዝ በዚህ ዓይነት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶ ነጣ። አልኮል እሳት ስለሚይዝ ከከሰል ምድጃና ከሻማ ራቁ። ሣር ላይ ተንከባልሎ የመጣ አረንጓዴ እድፍም በዚሁ በአልኮል ይለቃል።

የወጥ እድፍ፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ምገባ ስለሚበሉ ይህ የዘወትር እንግዳችን ነው። ወጥ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ዘይቱና ቀለሙ። ዘይቱን ሳታስለቅቁ ቀለሙ አይወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ የተጣበቀውን በማንኪያ ጥረጉ፤ ከዚያ ልብሱን ሳታርሱ የዕቃ ማጠቢያውን ፈሳሽ ሳሙና፣ ላርጎ የምንለውን፣ ጥቂት ጠብ አድርጋችሁ በጣት አሹና አሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃና በኦሞ ይታጠባል። የሚቀረውን የበርበሬ ቅላት ፀሐይ ትጨርሰዋለች፤ ነጩን ሸሚዝ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

የአልጫ እድፍ ግን ያስደነግጣል። እርድ ያለበት ቢጫ እድፍ ሳሙና ሲነካው ወዲያው ቀይ ይሆናል። እትዬ አንዷ «ልብሱ ተበላሸ» ብለው ሲጥሉት አይቻለሁ። አልተበላሸም፤ የእርድ ጠባዩ ነው። በደንብ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል፤ ቢጫውን ደግሞ የፀሐይ ብርሃን ያጠፋዋል። አንድ ቀን ካልበቃው ሁለት ቀን አስጡት።

ጭቃ፤ እዚህ ላይ ነው ደንቡ የሚገለበጠው። እርጥብ ጭቃ አትንኩ። ይድረቅ፤ ከዚያ አራግፉት፤ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ በመጨረሻ ውሃ። እርጥቡን የሚፈትግ ሰው አፈሩን ወደ ክሩ ውስጥ ያስገባዋል።

ደም፤ ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ ወይም አፍንጫው ሲነስር የሚመጣ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በጨው፤ ውሃውን እየለወጡ መዘፍዘፍ። የቆየ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃና በኦሞ ይደር።

ሻይና ቡና፤ ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ፤ ከዚያ በኦሞ ማጠብ። ደረቅ ሳሙና ቀድሞ አይታሽበት፤ ቀለሙን ያጸናዋል።

ማስቲካ፤ በእጅ አትጎትቱ። ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ በረዶ ቤት ማስገባት፣ ፍሪጅ ከሌለ በረዶ ከሱቅ ገዝቶ ማስነካት ነው። ሲደርቅ በቢላዋ ጀርባ ተላጦ ይነሣል።

ዝገት፤ ከአጥር ሽቦና ከአሮጌ ወንበር ሚስማር የሚመጣ ቡናማ እድፍ ነው። የሎሚ ጭማቂና ጨው ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማድረግ፣ በኋላም በብዙ ውሃ ማለቅለቅ። ዝገት ላይ በረኪና አታድርጉ፤ ያብሰዋል እንጂ አያስለቅቀውም።

የኮሌታ እድፍ፤ ላብና ቅባት ስለሆነ ላርጎ ወይም ደረቅ ሳሙና ቀብቶ ግማሽ ሰዓት አቆይቶ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቀስታ ማሸት ይበቃዋል።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት አንድ ምክር ልጨምር። እድፉን ብቻ በአንድ ጆግ ውሃ አስቀድሞ ማስለቀቅ ሙሉውን ልብስ ሦስት ጊዜ ከማጠብ ያድናል። የመጨረሻው የማለቅለቂያ ውሃም አይደፋ፤ ለሚቀጥለው ልብስ መዘፍዘፊያ ይሆናል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ ላይ ደረስሁ። እባካችሁ እዚህ ላይ ወሬውን ተዉና ስሙኝ። ጉዳዩ በረኪና ነው።

በረኪና ለነጭ የጥጥ ልብስ ብቻ ነው፤ ያውም በብዙ ውሃ ተበርዞ፣ ለጥቂት ደቂቃ። ባለ ቀለም ልብስ ላይ ነጭ ጠባሳ ይተዋል፤ የሱፍ ሹራብ ይበላል፤ የጥጡንም ክር ቢሆን ከበዛበት ያሳሳዋል።

ሁለተኛ፣ በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚም ሆነ ከሌላ የጽዳት መድኃኒት ጋር አትቀላቅሉ። ከሎሚና ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። «ሁለት መድኃኒት ከአንድ ይበልጣል» ብሎ በጠባብ ኩሽና ውስጥ ሳፋው ላይ የሚያጎነብስ ሰው ሳንባውን ይጎዳል። ዝገት በሎሚ ያስለቀቀ ሰው ልብሱን በሚገባ ሳያለቀልቅ በረኪና አይንካ።

ሦስተኛ፣ ይህ ከሁሉም ይብሳል፤ በረኪናን በሃይላንድ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ሕፃን ልጅ የሚያየው ጠርሙሱን ነው፤ ውሃ መስሎት ይጠጣል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ልጁን ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ እንደገና ያቃጥለዋልና። አፉን በውሃ አጉመጥሙጡና ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ነጭ ጋዝና ቤንዚንም እንደዚሁ ናቸው፤ እሳት ባለበት ቤት ልብስ ማጽጃ አይደሉም።

ከአረጋውያን መካከል «በኛ ጊዜ እንዶድ ነበር» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዛሬም ለነጠላና ለጋቢ የሚመርጡት አሉ። የእንዶድ አረፋ ለዓለም ሳይንስም ትምህርት ሰጥቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ቢልሃርዝያን ለመከላከል እንደሚረዳ መመርመር ጀመሩ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የኛ እናቶች የልብስ አጠባ እዚህ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። ነገር ግን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣንም ይጎዳልና እጣቢው ወንዝ ውስጥ አይደፋ፤ ዓይን እንዳይነካ፣ ከሕፃን አፍም እንዲርቅ ይሁን።

ክቡራንና ክቡራት፣ ልጨርስ ነው።

ልጅ ልብሱን ያቆሽሻል። እስክሪብቶም ጭቃም የሚነካው ልጅ ስለሆነና ስለሚማር ነው። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ኮሌታውንና ካልሲውን ማጠብ ይችላል፤ እናሳየው። አልኮልና በረኪናው ግን የአዋቂ እጅ ይሁን። ልጁ እድፍ ይዞ ሲመጣ «ምን ነካህ?» ከማለት በፊት «መቼ ነካህ?» እንበለው። ቶሎ ከነገረን ቶሎ ይለቃል። ከፈራን ግን ይደብቃል፤ ሲደብቅ ደግሞ እድፉ ይደርቃል፤ እኔ እንዳየሁት ትምህርቱም ይቀራል።

በመጨረሻም ኮሚቴው የተስማማበትን ላሳውቅ። ልጆቻችሁ ያደጉበት፣ ያጠራቸው የተማሪ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ቀሚስና ሹራብ ካለ፣ ታጥቦና ታጥፎ እስከ ጳጉሜን ድረስ ለጸሐፊው ይሰጥ። ቅያሪ ለሌላቸው ልጆች፣ የሰጪውና የተቀባዩ ስም ሳይጠራ፣ ከመስከረም በፊት ይታደላል። እድፍ አለበት ብላችሁ አትተዉት፤ አምጡት። እኔና ልጄ እናስለቅቀዋለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ