ስለ አቶሞች ቃና
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለ ሆነ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀርባለሁ። ይኸውም፤ ሁሉ በሚሯሯጥበት ግርግር መካከል የአንዱን ትክክለኛ ቃና ለይቶ ማወቅ ይቻላልን? የሚል ነው።

ሁለት ክራሮች በአንድ ቃና ተቃኝተው ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ የአንደኛው አውታር ሲመታ የሁለተኛው አውታር ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል። ቅኝቱ ቢዛነፍ ግን ዝም ይላል። የፊዚክስ ሊቃውንት ይህን ሬዞናንስ ይሉታል። አቶምም እንደዚሁ ከራሱ ቃና ጋር የሚገጥመውን ብርሃን ይቀበላል፤ ሌላውን ያሳልፈዋል። ጨው ያለበት ውኃ ገንፍሎ በጋዝ ምድጃ ሰማያዊ ነበልባል ላይ ሲፈስ ነበልባሉ ቢጫ የሚሆነው፣ በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የራሱን ቃና በብርሃን ስለሚያወጣ ነው። ቡንሰንና ኪርሖፍ የተባሉት የጀርመን ሊቃውንት በዚሁ መንገድ በ1860 እ.ኤ.አ. ሲዚየምን፣ በ1861 እ.ኤ.አ. ሩቢዲየምን አግኝተዋል። ሦስቱም አልካሊ ከሚባለው የብረት ወገን ናቸው።

ችግሩ እነሆ። በተዘጋ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያለው የሩቢዲየም ተን አቶሞቹ በተራ የክፍል ሙቀት በሰከንድ 300 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ። መኪና ጥሩምባዋን እየነፋች ስትመጣ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ አልፋ ስትሄድ ወፍሮ እንደሚሰማ ሁሉ፣ ለሚሮጥ አቶምም የብርሃኑ ቃና ይለወጥበታል። ስለዚህ በተፈጥሮው 6 ሜጋኸርትዝ ያህል ብቻ ስፋት ያለው መስመር ወደ 500 ሜጋኸርትዝ ሰፍቶ ይደበዝዛል።

በ1960 እ.ኤ.አ. ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ከሠራ በኋላ መፍትሔው ተገኘ። በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሄንሽ፣ ሻውሎውና ባልደረባቸው በሶዲየም ተን ላይ በዚህ ዘዴ ሠሩ። የአንዱን ሌዘር ጨረር ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ብርቱ ሌላውን ደካማ አድርጎ፣ በተኑ ውስጥ ፊት ለፊት ማስተላለፍ ነው። ወደ አንደኛው ጨረር የሚሮጥ አቶም ከሁለተኛው ይሸሻልና ሁለቱ በአንድ ቃና አይሰሙትም። ለሁለቱም እኩል የሚመልሰው በጨረሮቹ መስመር ወደ ፊትም ወደ ኋላም የማይሄደው ብቻ ነው። ብርቱው ጨረር እነዚህን አቶሞች አስቀድሞ ስለሚይዛቸው፣ ቃናው በትክክል በገጠመ ጊዜ ደካማው በቀላሉ ያልፋል፤ ቀጭኑ መስመርም በሰፊው መካከል ጎልቶ ይታያል። ሯጮቹን ማስቆም አላስፈለገም።

ከዚህም የቀጠነ አለ። በ1976 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ በፒዛ ከተማ፣ የሁለት ብርሃኖች የቃና ልዩነት ከሶዲየም አቶም የውስጥ ልዩነት ጋር ሲገጥም አቶሞቹ ብርሃን መቀበላቸውን እንደሚተዉ ታየ። ሁለቱ ብርሃኖች በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ የአቶሙ ሩጫ ሁለቱን እኩል ሊባል በሚችል መጠን ስለሚለውጥ፣ ልዩነታቸው እምብዛም አይናወጥም።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የምትሉ ትኖራላችሁ። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰከንድ የሚለካው በሲዚየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረት ነው። በፒዛ በታየው መንገድ የሚሠራ፣ ዋና ክፍሉ የሩዝ ፍሬ የሚያህል የሲዚየም ሰዓት በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተሠርቷል። በስልካችን መንገድ የሚመሩን ሳተላይቶችም የአቶም ሰዓት ይዘዋል። ሰዓታቸው በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ቢሳሳት፣ ብርሃን በዚያች ቅጽበት 300 ሜትር ስለሚጓዝ፣ የርቀቱ ልክ በዚያው ያህል ይዛባል። መርከብም አውሮፕላንም በዚህ ልክ የሚታመኑ ናቸው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህን ሁሉ ያስገኘው ጥያቄን በብልኃት ማቅረብ ነው። ሥሩም በክፍላችን ስለ ሞገድና ስለ ፍጥነት የምንማረው ትምህርት ነው። እንግዲህ ያንን ምዕራፍ ፈተና እስኪያልፍ ብቻ ይዘን አንጣለው። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ሙከራ የተማሪዎች መለማመጃ ሆኗልና፣ ከመካከላችን አንዱ ቀጭኑን መስመር በገዛ ዐይኑ የሚያይበት ቀን እንዲመጣ እመኛለሁ።