መሰብሰብና ማደም አንድ አይደሉም

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



በዛሬው አጀንዳችን አንድ ሐሳብ ቀርቧል። ከመሸ በኋላ በየመንገዱ ጥግ የሚቆሙ ወጣቶች ከሦስት በላይ ከሆኑ በጥበቃዎቻችን ይበተኑ የሚል ነው። ሐሳቡ ከክፋት አልመጣም። ስልኩን የተነጠቀ፣ በሩ የተሰበረበት ሰው እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል። ሆኖም ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ሕጉ የሚለውን እንይ።

ለወሎ ሰው መሰብሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። ቅሬያችን ስብሰባ ነው። ዱዓውም፣ ጽዋውም፣ አባጋሮች ደም የሚያደርቁበት ሸንጎም ስብሰባ ነው።

መብቱም በሕግ የቆየ ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብን ያውቅ ነበር። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ያለ ፈቃድ መሰብሰብንና መሰለፍን ከለከለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 መብቱን ደነገገ። በአስቸኳይ ጊዜ ሊገደብ እንደሚችል ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን ከታወጀው አዋጅ አይተናል። ለሰላማዊ ሰልፍና ለፖለቲካ ስብሰባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው።

ታዲያ ወሮበላውና ጥላቻ ሰባኪውስ? ሕጉ ዝም አላላቸውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 478 ለከባድ ወንጀል ማደምን፣ በአንቀጽ 482 በተከለከለ ማኅበር መሳተፍን ይቀጣል። በቡድን ተደራጅቶ ወንጀል የሠራውን፣ ይልቁንም መሪውን፣ አንቀጽ 84 ቅጣት ያከብድበታል። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በጾታው ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ሆን ብሎ ለጥላቻና ለጥቃት የሚያነሳሳ እስከ 2 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይቀጣል። በዚያ ሰበብ ጥቃት ከደረሰ እሥራቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል።

ልብ በሉ! ከእነዚህ አንዱም ቆሞ ማውራትን ወንጀል አላደረገም። ሕጉ የሚፈልገው ሥራውን ወይም ሤራውን ነው።

የአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ እንደኛ አስባ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ፖሊስ ወሮበላ ነው ብሎ የጠረጠረው ሰው ከሌሎች ጋር ያለ ግልጽ ጉዳይ ቆሞ ከተገኘ ሁሉንም እንዲበትን አዘዘች። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ89 ሺህ በላይ የመበተን ትእዛዝ ተሰጠ፤ ከ42 ሺህ በላይ ሰው ተያዘ። በ1999 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። የሚያዘውና የሚለቀቀው የሚለየው በሕጉ ሳይሆን በፖሊሱ ዓይን ሆኖ ስለተገኘ ነው።

የኛ ጥበቃስ በምን ዓይን ሊለይ ነው? ከማታ ትምህርት የሚመለሰውን፣ ከሶላት የሚወጣውን፣ ለቅሶ ለመድረስ ጓደኛውን የሚጠብቀውን ልጅ ከሌባው በምን ያውቀዋል? ያለ ጥፋቱ የተባረረ ልጅስ ነገ ሌባ ሲያይ ለኛ ይነግረናል?

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ የመበተኑ ነገር ይቅር፤ ጥበቃው እጅ ከፍንጅ የያዘውን ለፖሊስ ያስረክብ። ሁለተኛ፣ የተሰረቀ ሁሉ ያመልክት፤ ያየም ይመስክር፤ ምስክሩን እንዳይፈራ ቅሬው ከጎኑ ይቁም። ምስክር ከሌለ አንቀጹ ወረቀት ነው። ሦስተኛ፣ ለጨለማው መንገድ መብራት እናዋጣ። አራተኛ፣ በስብሰባችን መካከል የሰው ብሔርና ሃይማኖት እያነሳ የሚዘልፍ ቢነሣ ሰብሳቢው ወዲያው ያስቁመው፤ «ቀልድ ነው» አይባል።

ሌባውን በሥራው እንያዘው እንጂ ልጆቻችንን በመቆማቸው አንያዛቸው። አሁን ድምፃችሁን ስጡ።