ዕቃችንን በትክክለኛ ፎቶ ስለ ማቅረብ

(በማኅበራችን የወሩ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተሰጠ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች በሰሌዳ ላይ እንዲነበብ የተለጠፈ።)



የጥበቃውንና የቦይ ጠረጋውን ጉዳይ ቀደም ብለን ጨርሰናል። አሁን የምንነጋገረው ባለፈው ስብሰባ ብዙዎቻችሁ ስላነሣችሁት ጥያቄ ነው። ይኸውም «በስልክ የምንሸጠው ዕቃ ለምን ይመለስብናል? ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችንስ የላክነውን ፎቶ ለምን አይሆንም ይሉናል?» የሚል ነበር። እኛም የሚያውቁትን ጠይቀን፣ ከሠፈራችን ወጣቶች ጋር ደግሞ ሞክረን ያገኘነውን እንነግራችኋለን።

እንደሚታወቀው በጉርድ ሾላ የሱቅ ኪራይ የሚቀመስ አልሆነም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር በደጃችን ያልፋል፤ ይሁንና ተሳፋሪው በየግቢያችን ያለውን ዕቃ ከየት አባቱ ያየዋል? ስለዚህም ቀሚስ የምትጠልፈው፣ መሶብ የምትሰፋው፣ ጀበናና ረከቦት የሚያቀርበው ሁሉ ስልኩን ያወጣና ቪዲዮ ቀርፆ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይለቃል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስለ መጣም ገንዘብ መቀበሉ ቀሏል። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

ነገር ግን ቪዲዮ ሌላ፣ የሱቅ ፎቶ ሌላ ነው። ቪዲዮ የሚሠራው ሰው ዞር ብሎ እንዲያይ ነው። ዘፈን አለበት፣ ሳቅ አለበት፣ ቀሚሱን የለበሰችው ልጅ ትሽከረከራለች፣ በላዩ ላይ ስልክ ቁጥር ይጻፍበታል። የሱቅ ፎቶ ግን ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሚያምነው ማስረጃ ነው። ሽሮ ሜዳ የወረደ ገዢ ቀሚሱን ይዳስሳል፣ ወደ ፀሐይ አውጥቶ ያየዋል፣ ገልብጦ ስፌቱን ይፈትሻል። በስልክ የሚገዛው ይህ ሁሉ የለውም፤ ያለው ፎቶው ብቻ ነው። ፎቶው ከዋሸው ዕቃው ይመለሳል። ዕቃው ከተመለሰ ደግሞ ኪሳራው የሻጩ ነው፤ ስሙም አብሮ ይጠፋል።

ከአባሎቻችን አንዲት እናት የደረሰባቸውን እንድንናገር ፈቅደውልናል። እኚህ እናት የሚተዳደሩት በጥልፍ ነው። አሜሪካ ያለችው የእህታቸው ልጅ በአንድ የኢንተርኔት ገበያ ሱቅ ከፍታ የመጀመሪያዎቹን ቀሚሶች ለምታውቃቸው ሰዎች ሸጠችላቸው። «በዚያው ጥለት ድገሙና ፎቶውን ላኩልኝ» ስትላቸው የፊተኞቹ ቀሚሶች አልቀው በእጃቸው የቀረው ለቲክቶክ የተቀረፀው ቪዲዮ ብቻ ነበር። ከእሱ ላይ ስክሪን ሹት አንሥተው ላኩ። በፎቶው ላይ ስልክ ቁጥር አለ፣ ከኋላ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፣ የጎረቤት ሕፃን አለ፤ ልጅቷም ስትሽከረከር ስለ ተነሣ ጥለቱ ደብዝዟል። ገበያው ማስታወቂያውን አወረደው። ሁለተኛ ጊዜ አንድ ልጅ በኮምፒውተር አሳምሮ ሠራላቸውና ፎቶው አለፈ። ሆኖም አረንጓዴው ጥለት ወርቃማ መስሎ ወጥቶ ስለ ነበር ሁለት ገዢዎች ቀሚሱን መለሱ። የመላኪያው ገንዘብም በዚያው ቀረ። እንግዲህ ጥልፉ ምንም እንከን አልነበረበትም፤ ያስመለሰው ፎቶው ነው።

ለመሆኑ ገበያዎቹ የሚጠይቁት ምንድን ነው? አማዞን የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ገበያ ለመጀመሪያው ፎቶ ያወጣው ደንብ ግልጽ ነው። ጀርባው ንጹሕ ነጭ ይሁን፤ ዕቃው ከፎቶው 85 በመቶውን ይሙላ፤ ጽሑፍ፣ አርማ፣ ክፈፍ ወይም የሻጭ ስም አይታተምበት፤ ከዕቃው ጋር የማይሸጥ ነገር አብሮ አይታይ ይላል። የአዋቂ ልብስ ሰው ለብሶት፣ የሕፃን ልብስ ግን ተነጥፎ እንዲነሣ ያዛል። የፎቶው ረጅም ጎን 1000 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ገዢው አጉልቶ ሊያየው ይችላል። እነዚህን ነጥቦች ወጣቶቹ ፒክስል ይሏቸዋል፤ ሸማ በድርና በማግ እንደሚሠራ ፎቶም በነዚህ ጥቃቅን ነጥቦች ይሠራል። የእጅ ሥራ በብዛት የሚሸጥበት ኤትሲ የተባለው ገበያ ደግሞ አጭሩ ጎን 2000 ነጥብ እንዲሆን ይመክራል። የኛ የቴሌግራም ሱቆች እንዲህ ያለ ደንብ ባይኖራቸውም ሜክሲኮም ሆነ ሳሪስ ያለው ገዢ ማየት የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ ዕቃውን ብቻ፣ እንዳለ።

ስለሆነም የሚከተሉትን ነጥቦች እንድታስተውሉ እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ዕቃው በእጃችሁ ካለ ከቪዲዮ ፎቶ ስትፈልጉ አትድከሙ። ስልኩን ወደ ፎቶ መልሱና አንሡት። ያው ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ከቪዲዮው የበለጠ ነጥብ ይይዛል። ቪዲዮ መበርበር የሚያስፈልገው ዕቃው ተሸጦ ወይም ተልኮ ሲያልቅ ነው።

ሁለተኛ፤ ከአሁን በኋላ ቪዲዮ ስትቀርፁ ፎቶውንም አስቡ። ለዘፈኑ የምትሽከረከረው ትሽከርከር፤ ግን መጀመሪያ ፊት ለፊት፣ ቀጥሎ በጎን፣ ከዚያም በጀርባ ቀጥ ብላ እየቆመች እስከ ሦስት ይቆጠር። ጥለቱንና የአንገቱን ጥልፍ ጠጋ ብላችሁ ለብቻው ያዙት። መሶብ ከሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡንም አሳዩ። ጀበና ከሆነ አፉንና እጀታውን። ስልኩን በእጅ ከመያዝ በወንበር ወይም በመስኮት ደፍ ላይ ማስደገፍ ይሻላል። ጽሑፍና ስልክ ቁጥር ያልተጨመረበትን ዋናውን ቪዲዮ አታጥፉት፤ የተጻፈበት ላይ ተመልሶ ማጽዳት ጣጣ ነው።

ሦስተኛ፤ ብርሃን። ጥሩው ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት በር ወይም መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት ነው። ጨለም ባለ ቤት ውስጥ ካሜራው እያንዳንዱን ምስል ለማንሣት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድበት ትንሽ እንቅስቃሴ እንኳ ያደበዝዘዋል። የቀን ብርሃንና አምፖል አትቀላቅሉ፤ ነጩ ነጠላ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይመስላል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በአንዳንድ አምፖል ሥር በሴኮንድ 30 የሚቀርፅ ስልክ በምስሉ ላይ ሰንበር ያወጣል። አምፖሉን ማጥፋት ነው፤ ስልኩ ካለው ደግሞ ወደ 25 ማውረድ።

አራተኛ፤ ከቪዲዮው ውስጥ መምረጥ። ስልካችሁ በሴኮንድ 30 ምስል የሚቀርፅ ከሆነ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ 1800 ፎቶ ነው ማለት ነው። ከ1800 ውስጥ አንድ ደህና አይጠፋም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ስክሪን ሹት ግን አታድርጉ፤ ሰዓቱንና የባትሪውን ምልክት ጨምሮ የስክሪኑን ልክ ነው የሚይዘው። በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ቪዲዮውን በጋለሪ ከፍታችሁ ስታቆሙት ምስሉን ለብቻው የሚያወጣ ምልክት ታገኛላችሁ። ኮምፒውተር ያለው በነፃ በሚገኘው ቪኤልሲ ይክፈተው፤ የኢ ፊደል ምስሉን አንድ በአንድ ያስኬዳል፣ ሺፍትን ይዞ ኤስን መጫን ፎቶውን ያወጣል። ለዘመድ ስትልኩም በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ። በተራው መንገድ ከላካችሁት ይጨመቅና የጥልፉ ዝርዝር ይጠፋል።

አምስተኛ፤ ልኩ። ተራው የስልክ ቪዲዮ 1920 በ1080 ነጥብ ነው። ስልኩን አቁማችሁ ቀርፃችሁ ቀሚሱ የምስሉን ግማሽ ብቻ ከያዘ ቁመቱ 960 ነጥብ ሆነ ማለት ነው። ትርፉን ቆርጣችሁ ስትጥሉ 1000 አይሞላም። ስለዚህ ጠጋ በሉ። ስልካችሁ ፎር ኬ የሚባለውን ካለው በሱ ቅረፁ፤ 3840 በ2160 ስለሆነ ለኤትሲም ይበቃል። ሜሞሪ ይበላል፤ ግን አጭር ቪዲዮ ከሆነ አያስቸግርም። ትንሹን ፎቶ በኮምፒውተር ማስፋት ግን ነጥብ ቢጨምርም እውነት አይጨምርም።

ስድስተኛ፤ ጀርባው። የኛ ትልቁ ችግር ልብሳችን ነጭ፣ የሚፈለገውም ጀርባ ነጭ መሆኑ ነው። ነጭ በነጭ ላይ ሲሆን የነጠላው ጫፍ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ልብሱን ከግድግዳው አንድ ሁለት እርምጃ አርቁት፤ ብርሃኑም በጎን ይምጣ፤ ያን ጊዜ እጥፋቱ ቀጭን ጥላ ይዞ ዳሩ ይለያል። ሌላው ዘዴ በግራጫ ጨርቅ ላይ አንሥቶ ጀርባውን በኋላ በስልክ ፕሮግራም ቆርጦ ነጭ ማድረግ ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ የተቋጨውን የነጠላ ጫፍ አብሮ መብላት ይወዳል። አጉልታችሁ ዙሪያውን ሳታዩ አትላኩ።

ሰባተኛ፤ ማስተካከል የሚፈቀደውና የማይፈቀደው። ከዕቃው ውጭ ያለውን፣ ገመዱን፣ ባልዲውን፣ ግድግዳውን ማጥፋት ይቻላል። ጨልሞ የወጣውንም ዕቃውን አጠገብ አስቀምጦ እያመሳከሩ እንደ ዕቃው ማድረግ ይቻላል። ዕቃውን ራሱን መለወጥ ግን አይቻልም። የመሶቡን ስንጥቅ መድፈን፣ የጥለቱን ቀለም ማድመቅ፣ ሳሳ ያለውን ሸማ ወፍራም ማስመሰል ማታለል ነው። በአሁኑ ጊዜ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ፕሮግራም የደበዘዘ ፎቶ «አጥራልኝ» ሲሉት ያላየውን ከራሱ ፈጥሮ ይሞላል። በጥልፉ ላይ የሌለ ሐረግ፣ በመስቀሉ ላይ የሌለ ቅርንጫፍ ይጨምራል። ገዢዋ ያንን አይታ ታዛለች፤ ሸማኔውና ጠላፊዋ ግን ያልሠሩትን ከየት ያመጣሉ? ደግሞም በእጅ የተሠራ ሁለት ቀሚስ አንድ አይሆንም። የተሸጠውን ቀሚስ ፎቶ ለሚቀጥለው የምትጠቀሙበት ከሆነ «በዚህ ዓይነት ይሠራል፣ ጥቂት ልዩነት ይኖረዋል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

ስምንተኛ፤ በፎቶው ውስጥ ያለ ሰው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትንም ሆነ መሸጥን ይከለክላል። ሠፈር ውስጥ ስንኖር «ምን ችግር አለው፣ የጎረቤት ልጅ ነው» እንላለን። ልጁ ግን የእናቱ ነው። ቀሚሱን ለብሳ የቆመችውም ልጅ ፎቶዋ የት የት እንደሚወጣ ተነግሯት እሺ ትበል። እንዲሁም የሌላ ሱቅ ፎቶ አንሥቶ የራስ አድርጎ መለጠፍ ይቁም። የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶግራፍንም ከሚጠበቁ ሥራዎች መድቦታል። ከሁሉም በላይ ያልሠራነውን ዕቃ ሥራችን ነው ብለን ማሳየት ነውር ነው።

ሕጉን ካነሣን ዘንድ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሐሰተኛና አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ከልክሏል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ወጥቷል። ይኸ ሁሉ የሚያሳየን በስልክ መሸጥ እንደ ጨዋታ የሚታይበት ጊዜ ማለፉን ነው። ግን አዋጁን ፈርተን ብቻ አይደለም ይህን የምንለው። ከአንድ ሠፈር ነን። አንዱ ሻጭ ገዢን ካታለለ «የጉርድ ሾላዎቹ» ተብሎ ነው የሚወራው፤ ደህናዋ ጠላፊ፣ ደህናው ሰፊ አብሮ ይነካል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በስልክ ገበያ ግን ማደርም አያስፈልገው፣ ዕቃው የገዢው እጅ የገባ ዕለት ይጠራል።

የማኅበሩ ኮሚቴ በዚህ ጉዳይ ላይ ተወያይቶ የሚከተለውን አዘጋጅቷል። ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የስብሰባ ቤታችን በምሥራቅ በኩል ያለው መስኮት ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ነጭና አንድ ግራጫ ጨርቅ፣ አንድም የስልክ ማቆሚያ ይቀመጣል። ሁለት ወጣቶች በተራ እየመጡ ፎቶ በማንሣትና ከድሮ ቪዲዮ ምስል በማውጣት ይረዳሉ። ክፍያ የለውም። የምትመጡ አባላት ዕቃውን ራሱን ይዛችሁ ኑ፤ ዕቃው ያለቀባችሁም ብትሆኑ የጥለቱን ክር ወይም ቁራጩን አምጡ፤ ቀለሙን የምናመሳክረው በሱ ነው። ፎቶው ከማኅበሩ ቤት ሳይወጣ ባለቤቷ ከዕቃዋ ጎን ይዛ ትየው፤ «አዎ፣ ይኸው ነው» ካላለች አይላክም።

ነጩን ጨርቅ ለማጠብ በየሳምንቱ ተረኛ ያስፈልጋል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ።



የማኅበሩ ጸሐፊ